ሽርሽር የወጣው ቁምሳጥን

በዓሉ ዓርብ ላይ ዋለና ከቅዳሜና ከእሑድ ጋር ተያያዘ። እኛ ቤት ቀን ሲያያዝ ነገርም አብሮ ይያያዛል።

ነገሩ የአማቴ ፎቅ ነው። አማቴ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ወንድ ልጃቸው እሱ ዘንድ፣ ምድር ቤት፣ እንዲገቡለት ይፈልጋል። እሳቸው አይፈልጉም። እንዲህ ባጭሩ ሲነገር ባጭሩ የሚያልቅ ይመስላል። ይኸው ግን በየምሳው፣ በየልደቱ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ለቅሶ ቤት፣ ሲነሳና ሲወድቅ ዓመት አለፈው።

ወንድ ልጃቸውን ክሬኑ ነው የምንለው። የቤት ዕቃ በማጓጓዝ ነው የሚተዳደረው። ማቀዝቀዣ ብቻውን ተሸክሞ ደረጃ ሲወርድ ያየ ሰው ስሙን አወጣለት፤ ማቀዝቀዣው ሲወርድለት ስሙ እዚያው ጀርባው ላይ ቀረ። ክፋት የሚባል አያውቅም። ችግሩ አንድ ነው፤ ከቦታው ያልተንቀሳቀሰ ነገር ካየ እጁን ይበላዋል።

ስጋቱ ግን የምር ነው። አንድ ቀን ደውሎ ደውሎ እናቱ ስልክ ሳያነሱ ቀሩ። አራቱን ፎቅ በሩጫ ወጥቶ፣ በሩን ሊሰብር ትከሻውን ሲያመቻች፣ እናቱ ከሦስተኛ ፎቅ አንገታቸውን አስግገው፣ "ምን ሆነህ ነው የሰው በር የምትገፋው?" አሉት። ከዚያ ወዲህ ልቡ አላረፈም። አማቴ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። "ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስልክ ሳነሳ ኖሬያለሁ፤ አሁን የራሴ ትንሽ ይጥራ" ይላሉ።

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ልጃቸውን ካገባሁ ዐሥራ ምናምን ዓመት ሆኖኛል፤ አማቴ ግን እስከ ዛሬ "ሙሽራው" ነው የሚሉኝ። መጀመሪያ ፍቅር መስሎኝ ነበር። ኋላ ሲገባኝ፣ ገና እያዩኝ ነው።

ባለቤቴ ትራፊክ ናት። ቤት ውስጥ ፊሽካ አትነፋም፤ አያስፈልጋትም። እጇን ካነሳች እኔም፣ ልጃችንም፣ የጎረቤት ውሻም እንቆማለን። በፎቁ ጉዳይ ወገን የላትም። "መስቀለኛ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ወገን ከያዘ ይገጫል" ትላለች።

ልጃችን የሰማችውን ሁሉ ለሁሉ ስለምታደርስ ጋዜጣ ትባላለች። የክሬኑን ልጅ ደግሞ ለምን እንለዋለን፤ ሌላ ቃል እስኪያዘወትር ድረስ ማለት ነው። የለምን እናት ነርስ ናት። በዓል ለነርስ ስለማይያያዝ እሷ ሥራ ገባች።

እንግዲህ ሦስቱን ቀን ከከተማ ወጥተን፣ ሐይቁ ዳር ካለው ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለን፣ ኮረብታውንም ወጥተን ልናሳልፍ ተስማማን። አማቴ ሐሙስ ማታ እኛ ዘንድ መጥተው አደሩ። ይህ የባለቤቴ ሐሳብ ነበር። ቢያንስ እሷ የራሷ ሐሳብ መስሏት ነበር። ወንድሟ ነው በስልክ፣ "እማዬ ጠዋት ደረጃ ከምትወርድ ማታውኑ አንቺ ዘንድ ብታድር?" ያላት።

ዓርብ ጠዋት ክሬኑ የጭነት መኪናውን ይዞ መጣ። ሸራው እስከ ታች ተወጥሮ ታስሯል። ጎማዎቹ ከጭነት ብዛት ተጨፍልቀዋል።

"ይሄ ሁሉ ለሦስት ቀን ነው?" አለችው ባለቤቴ።

"እቴ፣ ሜዳ እኮ ነው የምንሄደው። ሜዳ ላይ ምንም ነገር የለም።"

"ለዚያ እኮ ነው የምንሄደው።"

ስንደርስ ሜዳው ለምልሞ፣ ሐይቁ እንደ ተተኮሰ ልብስ ተዘርግቶ ጠበቀን። ልጆቹ መኪናው ሳይቆም ወርደው ሊሮጡ ሲሉ የባለቤቴ እጅ ተነሳ፤ መኪናው ቆመ፤ እጇ ወረደ፤ ሮጡ። አማቴ ጫማቸውን አወለቁና ሣሩን በአውራ ጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት፤ ገበያ ላይ ጨርቅ እንደሚፈትሽ ሰው። "ጥሩ ነው" አሉ። ከዛፍ ሥር ትራስ አድርገንላቸው ተቀመጡ።

ክሬኑ የሸራውን ጫፍ ብቻ ገለጥ አድርጎ ከበሩ አጠገብ ያለውን ማውረድ ጀመረ። ዳቦ፣ ድንች፣ መጥበሻ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ኳስ። ከዚያ ሸራውን መልሶ ጎተተው።

"ድንኳኑስ?" አለች ባለቤቴ።

"ድንኳን ምን ያደርጋል? እስቲ ሰማዩን እዪ። እንዲህ ያለ ሰማይ እያለ ሸራ ሥር ይታደራል?"

ሁላችንም ወደ ላይ አየን። ሰማዩም ሰምቶት ነበር መሰለኝ፣ ከኮረብታው ጀርባ አንድ ጥቁር ደመና ብቅ አለ።

እዚህ ላይ የእነ ክሬኑን ሙያ ማወቅ ያስፈልጋል። መኪና ሲጫን መጀመሪያ የገባ ዕቃ መጨረሻ ይወጣል። ድንኳኑን እንዳይረሳው ብሎ ሐሙስ ከሰዓት ከሁሉ በፊት ነበር ያስገባው። አልረሳውም። ችግሩም እሱው ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ድንኳኑ ጥግ ላይ ነበር፤ ከድንኳኑና ከእኛ መሐል ደግሞ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ፣ በገመድ የታሰረ፣ ማንም ያልጠየቀው ነገር ቆሟል።

የመጀመሪያው ጠብታ የጋዜጣ አፍንጫ ላይ አረፈ። "ዝናብ!" ብላ ለሐይቁ በሙሉ አሳወቀች።

"አውርድ" አለች ባለቤቴ።

"እቴ፣ ካፊያ ነው እኮ..."

እጇን አነሳች፤ ከዚያ ወደ ራሷ ደጋግማ ጠራችው፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ለከባድ መኪና እንደምታደርገው። ክሬኑ ማውረድ ጀመረ፤ እኔም በወዲያኛው ጫፍ ያዝኩለት። የመጀመሪያውን ጥቅልል ሣሩ ላይ ስናቆመው ብርድ ልብሱ ተንሸራቶ ወረደ። ከሥሩ መስታወት ብቅ አለ። መስታወቱ ውስጥ ሐይቁ፣ ዛፉና ከዛፉ ሥር የተቀመጡት አማቴ ነበሩ።

አማቴ ብድግ አሉ። ሜዳውን አቋርጠው መጡና መስታወቱ ፊት ቆሙ። መጀመሪያ ሻርፓቸውን አስተካከሉ።

"ሙሽራው" አሉ፣ ዓይናቸውን ከመስታወቱ ሳያነሱ።

"አቤት እማማ።"

"ይሄን ቁምሳጥን ታውቀዋለህ?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ አማች ምን እንደሚል ማንም አላስተማረኝም። "ያየሁት ይመስለኛል" አልኩ።

"የኔው ቁምሳጥን ሲከፈት ያቃስታል።" ከፈቱት። አቃሰተ።

ለምን እየሮጠ መጣ። "አያቴ፣ ቁምሳጥንሽ ለምን ሽርሽር መጣ?"

"አባትህን ጠይቀው።"

"አባዬ፣ ለምን?"

"ነፋስ እንዲነካው" አለ ክሬኑ፣ መሬት መሬት እያየ።

ጋዜጣ እስከዚያ መኪናው ላይ ወጥታ ዋናውን ዜና አጠናቃ ነበር። "አልጋዋም አለ! መጋረጃዋም አለ! በርጩማዋም! የግድግዳ ሰዓቷም አለ፣ እየሠራ ነው!"

የክሬኑ ማጅራት ሲጨንቀው ይሸበሸባል። እኔ በሙያዬ የሰው ፊት ሳይሆን ማጅራት ነው የማነበው፤ ያኔ እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ ነበር።

"ላስደስትሽ ብዬ ነው እማዬ" አለ። "ሰርፕራይዝ ነበር። እሑድ ስንመለስ በቀጥታ እኔ ዘንድ፤ ክፍልሽ ተቀብቷል። መስኮቱ ይሄን ያህላል። ደረጃ የለው፣ ምን የለው..."

"ሰው ተሰርቆ ይደሰታል?"

"አልሰረቅኩም፤ ቁልፍ ሰጥተሽኛል እኮ።"

"ቁልፍ ያለው ሌባ ልጅ ይባላል" አሉ አማቴ።

ባለቤቴ ወንድሟን አየችው። በዚያ አስተያየት ስንቱ ሾፌር መንጃ ፈቃዱን እንዳስረከበ እግዜር ይወቀው። አማቴ ግን አልጮኹም። ሜዳውን ዞር ዞር ብለው ለኩና በጣታቸው ማመልከት ጀመሩ። "አልጋው እዚህ። ራስጌው ወደ ዛፉ። ቁምሳጥኑ ከጎኑ። ሰዓቱን እዚያ ቅርንጫፍ ላይ ስቀልልኝ።"

"እማዬ፣ ዝናብ እኮ ነው።"

"ድንኳኑን ከላዬ ትወጥረዋለህ። ድንኳኑን ልታወጣው አልነበር?"

እንዲህ ሆነና ከሰዓት በኋላ የአማቴ አራተኛ ፎቅ ከነመጋረጃው ሐይቁ ዳር ተተከለ። ዝናቡም ይህን አይቶ ተወው፤ ካፊያ ብቻ ሆኖ ቀረ። ለሽርሽር የመጡ ሰዎች እያለፉ ቆም ይላሉ። አንድ ባለ ቁምጣ ሰውዬ ቁምሳጥኑን ከፍቶ፣ አስቃስቶ፣ "በስንት ነው የምትሰጡት?" አለን። አማቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ "የሚሸጠው ልጁ ነው፤ ቁምሳጥኑ አይሸጥም" አሉት። ሰውየው ክሬኑን ከላይ እስከ ታች አየውና መንገዱን ቀጠለ።

ድንች ጠብሰን ስንበላ ሁላችንም እንግዳ ነበርን። አማቴ ሣሩ ላይ እንኳ ጫማ አስወለቁን። "ቤቴ ነው" አሉ። ልጆቹ አልጋው ላይ ዘለሉ፣ ክሬኑ ሻይ አፈላ፣ ባለቤቴም ከስንት ጊዜ በኋላ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ሳቀች። እኔ በርጩማው ላይ ልቀመጥ ስል አማቴ፣ "ሙሽራው፣ እሱ የኔ ነው" አሉኝ። ጫማዬን ባወልቅም የምቀመጥበት የለኝም እዚያ ቤት።

በማግሥቱ ከቁርስ በኋላ አማቴ ጣታቸውን ወደ ኮረብታው ዘረጉ። ጫፉ ላይ ሐይቁን ቁልቁል የሚያዩበት ድንጋይ አለ፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ አንዳንድ ቦታ እንጨት ተጋድሞ ደረጃ ተሠርቶለታል።

"ያን እወጣዋለሁ" አሉ። "የማንንም እጅ ሳልይዝ ጫፉ ከደረስኩ ዕቃዬን ካነሳህበት ቦታ ትመልሳለህ፤ ይሄ ነገርም ሁለተኛ አይነሳም። ካቃተኝ ወይም የሰው እጅ ከያዝኩ አንተ ዘንድ እገባለሁ፤ አንድ ቀን ሳላጉረመርም።"

ክሬኑ ኮረብታውን አየ። እናቱን አየ። ኮረብታውን ደግሞ አየ። "እሺ" አለ፤ ድምፁ ግን ያሸነፈ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ያዘነ ሰው ድምፅ ነበር።

"ዳኛዋ እኔ ነኝ" አለች ባለቤቴ። ማንም አልጠየቃትም፤ ማንም አልተቃወመም።

ክሬኑ ለጉዞው ጫነ። ውኃ፣ ጃንጥላ፣ ፋሻ፣ ብርድ ልብስ፣ እናቱ እንዲያርፉበት በርጩማው፣ አንድ ጥቅል ገመድ።

"ገመዱ ለምንድነው?" አሉት አማቴ።

"ዕቃ ሲወርድ ያስፈልጋል።"

"ዕቃው እኔ ነኝ?"

"እንዲያው ልማድ ሆኖብኝ ነው እማዬ።"

ገና ከመነሳታችን፣ መንገዱ መጀመሪያ ጊዜ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ አማቴ ቆሙ። ክሬኑ ከኋላ ደረሰ። "ደከመሽ?"

"አንደኛ ፎቅ ነው" አሉ። "እዚህ የጥርስ ሐኪሙ ነው ያለው። ሰላም ሳይሉት ያለፉ እንደሆነ ያኮርፋል።"

ጋዜጣ ወዲያው ገባት። ድንጋይ ላይ ወጣች፣ ክንዷን አጣጠፈች፣ አገጯን ሰቀለች።

"እንደምን አደርክ ዶክተር" አሏት አያቷ።

"ጥርስዎ እንዴት ነው?"

"ካየኸው ወዲህ እያመመኝ ነው።"

"ልክ እንደዚያ ነው የሚሉት?" አለች ጋዜጣ፣ ዶክተርነቷን ረስታ።

"ልክ እንደዚያ። ከዚያ እሱ ይስቃል፤ ሲስቅ ነው እኔ ትንፋሼ የሚመለሰው።" እውነትም ተመልሶ ነበር። ቀጠሉ።

ክሬኑ ይህን ማየት አልቻለም። እሱ ሸክም ይዞ መቆም አያውቅም፤ በእነሱ ሙያ ደረጃ መሐል የቆመ ወድቋል። ጃንጥላውን፣ በርጩማውንና ገመዱን እንደ ያዘ ጥሎን ወጣ። በሚቀጥለው መታጠፊያ ላይ ተቀምጦ፣ እንደ ፈላ ጀበና እየተንፈቀፈቀ፣ አገኘነው።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አሉት እናቱ።

"እንቁላል ለምን እግር አለው?" አለ ለምን።

"ስለማይቸኩል። ና አንተ፣ ሁለተኛ ፎቅ ደርሰናል። እዚህ ጡሩምባ ነፊው ነው ያለው።"

ጡሩምባ ነፊው ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ፊሽካ ሰምቶ አሁን የራሱን ልንፋ ብሎ ነው የሚማረው። አንድ ዜማ ብቻ ያውቃል። በዚያችው ዜማ መሐል አንዲት ቦታ አለች፤ ሁልጊዜ እዚያች ላይ ይሳሳታል። "እዚያች ጋ ሲቃረብ ሕንፃው በሙሉ ትንፋሹን ይይዛል" አሉ አማቴ። "መሐል ላይ ጥዬው ብሄድ ቅር ይለዋል። ስለዚህ እስኪያልፋት እቆማለሁ።"

ለምን ጡጫውን አፉ ላይ አድርጎ ነፋ። ሳምባ ሰጥቶታል። አያቱ ግድግዳ እንደ ተደገፈ ሰው አንድ ዛፍ ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡት።

"ተሳሳት እንጂ" አለችው ጋዜጣ።

"ለምን?"

"ካልተሳሳትክ አያልቅም።"

ተሳሳተ። ሁላችንም አጨበጨብንለት፤ ቁልቁል የሚወርዱ የማናውቃቸው ባልና ሚስትም ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ አጨበጨቡ። አማቴ ከዛፉ ተነሱ፤ ጉልበታቸው ታዝዞላቸዋል።

ሦስተኛው ላይ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። "ሙሽራው፣ ና አሳርር።"

"ምን ላሳርር እማማ?"

"ሦስተኛ ፎቅ ነው። እዚህ ያለችው ሴትዮ ድስት ጥዳ መጽሐፍ ታነባለች። አሳራሪ በላት እንጂ አብሳይ አይደለችም።"

ባርኔጣዬን አውልቄ እንደ ድስት ያዝኩት። በሕይወቴ ብዙ ነገር ተደርጌያለሁ፤ ድስት አሳራሪ ሴትዮ ግን ስሆን የመጀመሪያዬ ነው። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ሐይቁ መለሰች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

"ዛሬ ደግሞ ምን አሳረርሽ?" አሉኝ አማቴ።

"ድንች" አልኩ።

"ትናንትም ድንች ነበር።"

"ምን ላድርግ፣ ሰውየው ሊሞት ሲል እንዴት ተነስቼ ላማስል?"

"የትኛው ሰውዬ?"

"የመጽሐፉ።"

አማቴ ጎንበስ ብለው ባርኔጣዬን አዩ። "እሷን ቁርጥ" አሉ። "በይ አቅምሺኝ እስቲ፤ ሥሩን ተይና ከላይ ከላዩ።" ከባርኔጣዬ የሌለ ድንች አንስተው ቀመሱ። ባለቤቴ ኋላ እንደ ነገረችኝ፣ ከሠርጋችን ወዲህ ከእጄ የቀመሱት የመጀመሪያው ነገር ነው።

ክሬኑ ግን አልሳቀም። በርጩማውን ታቅፎ ቆሞ ነበር።

"ያን ቀን" አለ። "ስልክ ያላነሳሽ ቀን።"

"እዚሁ ነበርኩ" አሉ አማቴ፣ በጣታቸው ባርኔጣዬን እያሳዩት። "ከላይ ሲጠራ ይሰማኛል። አፌ ውስጥ ግን ድንች ነበረ፤ ሰውየውም ሊሞት ምንም አልቀረው፤ እየተነበበልኝ።"

"እኔ እኮ ሞተሻል ብዬ ነበር።"

"አውቃለሁ ልጄ። በሩን ስትገፋው አይቼሃለሁ።" ሻርፓቸውን ጠበቅ አደረጉ። "ምድር ቤት ብገባልህ በማን በኩል አልፌ ነው የምገባው? ከመንገድ ወደ አልጋ። ደረጃው አይደለም እኔን የሚያደክመኝ፤ አንተ ቤት ደረጃ የለም፤ ሰውም የለም፤ ቀኑን ሙሉ አንተ ዕቃ ስታወርድ፣ ሚስትህ ሥራ ላይ፣ ልጁም ትምህርት ቤት ትውላላችሁ።"

ክሬኑ በርጩማውን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ። ማጅራቱ ግን እንደ ታጠፈ ነበር፤ ሰው ነገር ሲገባውና ሲከፋው አንድ ላይ ሲሆን እንዲያ ይሆናል።

ወደ ጫፉ ምንም አልቀረንም። ድንጋዩ ይታያል፤ ከድንጋዩ ባሻገር ሰማይ ነው። አማቴ ዘፈን ቢጤ እያንጎራጎሩ ነበር፤ የጡሩምባ ነፊው ዜማ መሰለኝ፤ መሐሉ ላይ ተሳስተዋልና። ከዚያ ዘፈኑ ቆመ።

የመጨረሻው የእንጨት ደረጃ የለም። የከረመ ዝናብ ሥሩን ሸርሽሮት፣ ተንከባሎ ከታች ቁጥቋጦ ውስጥ ወድቋል። በቦታው እርጥብ ዐፈርና እስከ ጭን የሚደርስ ድንጋይ ቀርቷል። ልጆቹ በሆዳቸው ተስበው ወጡት። አማቴ አንድ እግራቸውን አነሱ፤ አልደረሰም። በሌላኛው ሞከሩ። እሱም አልደረሰም። ሣር ይዘው ሞከሩ፤ ሣሩ ተነቅሎ እጃቸው ላይ ቀረ።

ከላይ ጋዜጣ፣ "አያቴ ትንሽ ነው የቀረሽ!" ብላ እጇን ዘረጋችላቸው። ባለቤቴ እጇን አነሳች። የጋዜጣ እጅ ባለበት ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ባለቤቴ እንዲያ ስታደርግ ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

ለምን እንኳ ምንም አልጠየቀም። አማቴ የተነቀለውን ሣር ያዩታል። አራተኛ ፎቃቸው ከፊታቸው ነው፤ የጎደለው አንድ ደረጃ ነው። ክሬኑም እንዲህ ዝም ብሎ ቢቆም አሸንፏል። ክፍሉ ተቀብቷል። መስኮቱም ትልቅ ነው።

በርጩማው ድንጋዩ ሥር ሲቀመጥ ድምፁን ሰማሁት። ክሬኑ ጎንበስ ብሎ እግሮቹን ዐፈሩ ውስጥ ጫን ጫን አደረጋቸው፣ ነቅነቅ አድርጎ ፈተናቸው፣ "እሺ፣ ቀስ፣ በግራ በኩል" አለ። ሠራተኞቹን ሲያዝ የሚለውን ነው ያለው። ሰው ደረጃ ሥር ሲቸገር ካየ አንድ ነገር ሳያስገባለት አያልፍም፤ እጁ ከሐሳቡ ይቀድማል። ኋላ ሲጠየቅ እሱም እንዲያ ነው ያለው፤ "ልማድ ነው።" እኔ ግን ሲያጎነብስ ከጀርባው ቆሜ ነበር። ማጅራቱ ላይ አንድ እጥፋት አልነበረም።

አማቴ በርጩማው ላይ ወጡ። ከበርጩማው ድንጋዩ ላይ። ከድንጋዩ ጫፉ ላይ።

ሁላችንም ወደ ዳኛዋ ዞርን።

"በርጩማ እጅ አይደለም" አለች ባለቤቴ። "ዕቃ ነው። የራሷ ዕቃ ነው። እለፉ!" ደግሞም በሁለት እጇ አሳለፈችን፤ አደባባይ ላይ ሠርግ እንደምታሳልፍ።

ከላይ ሐይቁ ሙሉውን ይታያል። ጀልባዎቹ፣ ዛፎቹ፣ ከዛፎቹ ሥርም አልጋው፤ መጋረጃው ይውለበለባል። የቁምሳጥኑ መስታወት ፀሐይ መትቶት ብልጭ ብልጭ ይላል።

"ቤቴ ከዚህ ሲያዩት ያምራል" አሉ አማቴ። ክሬኑ ውኃ ሰጣቸው፣ ብርድ ልብስ አለበሳቸው፣ ጃንጥላ ዘረጋላቸው። ገመዱን ብቻ ምን እንደሚያደርገው አጥቶ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። ለምን ጡጫውን አፉ ላይ አድርጎ ዜማዋን ነፋ፤ ማንም ሳይነግረው በቦታው ተሳሳተ።

እሑድ ተመለስን፤ ወደ አራተኛ ፎቅ። ክሬኑ ቁምሳጥኑን ጀርባው ላይ አድርጎ እንደ ልማዱ በአንድ ትንፋሽ ሊወጣው ሲጀምር፣ እናቱ ከኋላው፣ "ሰላም በል እንጂ!" አሉት። አንደኛ ፎቅ ላይ የጥርስ ሐኪሙ ክንዱን አጣጥፎ በሩ ላይ ቆሟል። ጋዜጣ በኩራት አየችው፤ አንድም ነገር አልሳተችም።

"እንደምን ዋሉ ዶክተር" አለ ክሬኑ ከቁምሳጥኑ ሥር።

"ሐሙስ ሲወርድ አይቼዋለሁ ይሄን ዕቃ" አለ ሐኪሙ። "ሌባ ነበር የመሰለኝ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልክ?" አሉት አማቴ።

"ሰላም ሳይለኝ ነዋ ያለፈው።"

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጡሩምባው እየተነፋ ነበርና ክሬኑ ሸክሙን ግድግዳ አስደግፎ፣ ያቺ ቦታ እስክታልፍ ጠበቀ። ሦስተኛው ላይ ጭሱ ቀድሞ ተቀበለን። ሴትዮዋ መጽሐፏን በአውራ ጣቷ ይዛ ወጣች፤ ኮረብታው ላይ ባርኔጣዬን ይዤ የሆንኩት ለካ እውነትም እሷን ኖሯል። "ግቡ፣ ግቡ፤ ሰውየው አልሞተም እኮ!" አለችን። ቁምሳጥኑ ደረጃው ላይ ቆሞ እኛ ገባን። ክሬኑ ድንቹን ከላይ ከላዩ እየበላ፣ ጉንጩ እንደ ሞላ፣ ዓይኑን መጽሐፉ ላይ ተክሎ ቀረ።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጠራ። ዝም አለ። ደግሞ ጠራ።

"አታነሳውም?" አልኩት።

በእጁ ዝም አሰኘኝ። ሰውየው ከጉድጓዱ ሊወጣ ነበር።

ሰውየው ወጥቶ፣ ቁምሳጥኑ በቦታው ቆሞ፣ በሩ አቃስቶ ተዘግቶ፣ ሻይ ሊፈላ ሲል ከታች ሩጫ ተሰማ። የክሬኑ ሚስት ነበረች፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። በሩ ላይ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆርጦ፣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ባሏን አየችው። አፉ ጥግ ላይ ያረረ ድንች አለበት።

"ደውዬ ደውዬ..." አለችና ቃል አጠራት።

አማቴ ከበርጩማቸው ሳይነሱ ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

"በሩጫ ነው የመጣሽው?"

"አዎ እማዬ፤ ምን ሆናችሁ ብዬ..."

"እንግዲያው ማንንም ሰላም አላልሽም ማለት ነው" አሉ። "ውረጂና እንደገና ነይ። ከዶክተሩ ጀምሪ።"